«ስጪኝ!» ማለት የተማርኩበት ሜዳ

ልጅ ሆኜ ከምንም በላይ የሚያሳፍረኝ ቁመቴ ነበር። ከገጠሩ ድብ ባሕር ወደ ጎንደር ከተማ ለትምህርት ስመጣ አሥራ አራት ዓመቴ ነው፤ ያኔውኑ ግን ቁስቋም ካለው የአጎቴ ቤት ጎንበስ ሳልል አልገባም። የክፍል ልጆች «ባሕር ዛፏ» ይሉኛል። ከኋላዬ የሚቀመጥ ሁሉ ሰሌዳው አልታየኝም እያለ ስለሚከሰኝ፣ ዓመቱን የጨረስኩት መጨረሻው ረድፍ ላይ ግድግዳ ተደግፌ ነው።

ቁመቴን መጀመሪያ የወደደልኝ የስፖርት መምህራችን ጋሽ መኳንንት ነው። አንድ ቀን ከሰልፍ መሐል ጠርቶ ቅርጫት ኳስ ሜዳው ላይ አቆመኝ። ሜዳ ስል፣ የተሰነጣጠቀ ሲሚንቶና መረባቸው የተበጣጠሰ ሁለት ቀለበቶች ማለቴ ነው። ዝናብ ሲያባራ ውሃውን በመጥረጊያ ገፍተን እንጫወት ነበር። የእርጥብ ሲሚንቶና የጎማ ሽታ ከእጃችን አይለቅም፤ ታጥቤ እራት ስቀርብ እንኳ ይሸተኝ ነበር። ብዙም ሳይቆይ የቡድኑ ሴንተር ሆንኩ፤ ከቅርጫቱ ሥር ቆማ፣ ኳስ ተቀብላ የምታገባዋ። እጄ ከገባ አልስትም። ችግሩ፣ እጄ አይገባም።

ኳሱን ከኋላ እያነጠረች የምታመጣልን ውባለም ነበረች፤ የፒያሳ ልጅ፣ አጭር፣ ፈጣን፣ አፏ የማያርፍ። እኔ እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ እጠብቃለሁ፤ እሷ ለጮኸችው ትሰጣለች። ጋሽ መኳንንት ከዳር ሆኖ ጉሮሮው እስኪነቃ «ጥሪው! ኳሱን ጥሪው እንጂ!» ይለኛል። አልጠራም።

እንዴት ብዬ ልጥራ? እኛ ቤት የሴት ልጅ ድምፅ ከአጥር አያልፍም። ምግብ ሲቀርብ እንኳ ሁለት ሦስት ጊዜ ካልተለመንኩ እጄን አልዘረጋም። እናቴ ስትሸኘኝ መኪናው አጠገብ ቆማ «የሰው ቤት ነው፤ ስጡኝ እንዳትይ» ብላኝ ነበር፤ ያን ቃል እንደ ክታብ አንገቴ ላይ አስሬ ነው ከተማ የገባሁት። ውባለም ለሌላ ባቀበለች ቁጥር የሚመጣልኝ አንድ ሐሳብ ብቻ ነበር፤ የገጠር ልጅ ስለሆንኩ ንቃኛለች።

የትምህርት ቤቶች ውድድር ደረሰና የመጀመሪያውን ጨዋታ ተሸነፍን። አንድ ሽንፈት ከደገምን መሰናበታችን ነው። ከጨዋታው በኋላ ቧንቧው ጋ ውባለም ፊቷን ስትታጠብ አገኘኋት። ማልቀሷን ዓይኗ ይናገራል። እንዴት እንደወጣኝ አላውቅም፣

«ምነው ኳስ ትነፍጊኛለሽ?» አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ። «እኔ? አንቺ መቼ ጠይቀሽኝ ታውቂያለሽ? ሁለት ሰው ፊቴ ተገትሮ የት እንዳለሽ በምን ልወቅ? ዝም ስትዪ የማትፈልጊው ይመስለኛል። እንዲያውም ኩራተኛ ነሽ ብዬ ነበር።»

ኩራተኛ! እኔ ናቀችኝ ስል፣ እሷ ኮራችብኝ ስትል ከርመናል።

ማታ ለአጎቴ ነገርኩት። አጎቴ የቤተ ክርስቲያን ዜማ መምህር ነው፤ ተማሪዎቹ የኔታ ይሉታል፣ እኔ አያ እለዋለሁ። ቅርጫት ኳስ አይቶ አያውቅም፤ ቢሆንም እስክጨርስ አዳመጠኝ።

«ኳሷን ብታገቢ ነጥቡ የማን ነው?» አለኝ።

«የሁላችን።»

«ታዲያ ምነው ለራስሽ የለመንሽ አስመሰልሽው? ማኅሌት ላይ ግራው መርቶ ሲያበቃ ቀኙ ዝም ቢል ትሕትና አይባልም፤ ዜማው ነው የሚቆረጥ። ተራሽ ሲደርስ ድምፅሽን አንሺ።» ከዚያ ሳቅ ብሎ «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» አለ።

በዚያ አላበቃም። ጠዋት ከትምህርት ቤት በፊት ግቢው መሐል አቆመኝና ራሱ አጥሩ ጥግ ሄዶ «እስቲ በይ!» አለኝ።

«ስጪኝ።»

«አልሰማሁም።»

«ስጪኝ!»

«አሁንም አልሰማሁም!»

በመጨረሻ ስጮህ ጎረቤታችን በአጥሩ ብቅ ብለው «ምን ወሰዱባት?» አሉ። አያ ነጠላውን አፉ ላይ አድርጎ ሲስቅ ትከሻው ይንቀጠቀጥ ነበር።

በሁለተኛው ጨዋታ ጠራሁ። ድምፄ ቀጭን ነበረች፤ ውባለም ግን ሰማች። ኳሱ መጣልኝ፣ ወረወርኩ፣ ቀለበቱን እንኳ ሳይነካ ወደቀ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ውባለም ወደ ኋላ እየሮጠች «ጥሪኝ! ድገሚና ጥሪኝ!» አለችኝ። ደገምኩ፤ ሳትኩ። ሦስተኛው ገባ። ከዚያ በኋላ ማን ያቁመኝ! ተጋጣሚዎቻችን መጥራቴን ሲለምዱ ሁለት ሁለት እየሆኑ ይከቡኝ ጀመር፤ ያኔ ኳሱን መልሼ ባዶ ሜዳ ላይ ለቆመችው ውባለም አቀብላለሁ፣ እሷም ታገባለች። አሸነፍን። ዋንጫውን አልበላንም፤ በቀጣዩ ጨዋታ ወደቅን። ያን ቀን ግን ከሜዳው እስከ ፒያሳ ተቃቅፈን ስንሄድ ድምፄ ተዘግቶ፣ ወሬውን ሁሉ የምታወራልኝ እሷ ነበረች።

ጊዜው ሄደ። አያ አርፏል፤ ነፍሱን ይማረው። ዛሬ በሜዳዎች አጠገብ ሳልፍ ሴት ልጆች «እዚህ! እዚህ ነኝ!» ሲባባሉ እሰማለሁ። ማንም እንዲጮኹ አይለማመጣቸውም፤ እንደ መተንፈስ ነው የሚወጣቸው። ስሰማቸው ደስታም ትንሽ ቅናትም ይይዘኛል።

ከአራት ዓመት በፊት ሆስፒታል ልጄን ወልጄ እንደተኛሁ ከሥሬ ሙቀት ተሰማኝ። ደም ነበር። ነርሶቹ ከአጠገቤ ያለችው እናት ምጥ ጠንቶባት እሷን ከበዋል። የድሮዋ እኔ ብሆን እስኪጨርሱ እጠብቅ ነበር። «እህቶቼ፣ ድረሱልኝ!» ብዬ ክፍሉን አናወጥኩት። ሁለቱ ሮጠው መጡ። በኋላ አንዷ ግንባሬን ዳብሳ «እንኳን ጠራሽን» አለችኝ።

ከሆስፒታል ስወጣ ውባለምን ደወልኩላት። አሁን ዛሪማ ነው የምትኖረው፣ አስተማሪ ሆናለች። የሆነውን ነግሬ አመሰገንኳት፤ በስንት ዓመቴ!

«ታውቂያለሽ፣» አለችኝ፣ «ያኔ ኳሱን ይዤ ስመጣ በጣም እፈራ ነበር። አንቺ ስትጠሪኝ ነው ብቻዬን እንዳልሆንኩ የማውቀው።»