አርባ ቤት፣ አንድ ስልክ

ባለፈው ወር ጄኔቭ አጠገብ ባለችው ቨርሷ፣ ጋሽ ጌታሁን ቤት ምሳ ተጠርተን ነበር። ጋሽ ጌታሁን ከአዲስ አበባ ከወጡ ብዙ ዘመን የሆናቸው፣ ጄኔቭ ሠርተው ጡረታ የወጡ፣ ኋላ ለመጣነው ሁሉ እንደ አባት የሚሆኑ ሰው ስለሆኑ፣ ከዙሪክ ድረስ ሦስት ሰዓት ያህል ባቡር ላይ መቀመጥ ቢኖርብኝም ሲጠሩኝ አልቀርም። ልጄን ሩትን ይዤ ገና ከበር ስገባ፣ ሐይቁ በሚታይበት መስኮት ሥር፣ ከአሮጌ ዕቃ ገበያ ገዝተው ለጌጥ ያስቀመጡትን፣ ቁጥሩ በጣት የሚዞር ጥቁር ስልክ አየሁ። ምን እንደነካኝ እንጃ፣ ኮቴን እንኳ ሳላወልቅ እጀታውን አንስቼ ወደ ፊቴ አስጠጋሁት፤ የከረመ አቧራ፣ የሞቀ ጎማና የብዙ ሰው ትንፋሽ የተቀላቀለበት ሽታ አፍንጫዬን ሲሞላው፣ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሆኜ እትዬ አጸደ ሳሎን መሐል ቆምኩ።

እንግዶቹ ደግሞ በየኪሳቸው ያለውን ስልክ አውጥተው አሮጌውን ስልክ ፎቶ እያነሡ “ያኔ እኮ ሰው ሰው ነበር” ይላሉ። ሩት ጣቷን በአንዱ ቀዳዳ ሰክታ “እማ፣ የቱ ጋ ነው የሚጫነው?” ስትል ቤቱ በሳቅ ሞላ። ጋሽ ጌታሁን እንባ እስኪመጣቸው ስቀው ሲያበቁ “አየሽ ልጄ፣ በሰፈር አንድ ስልክ ነበር፤ ያቺ አንድ ስልክ ግን አርባ ቤት ታፋቅር ነበር” አሏት፤ ወደ እኔም ዞረው ለማኅበራችን መጽሔት ስለ ድሮ ሰፈር ፍቅር አንድ ነገር እንድጽፍ አዘዙኝ። ትምህርቴ እኮ ትንሽ ነው ብላቸው “ትዝታ ዲፕሎማ አይጠይቅም” አሉኝ። እኔ ጠንቃቃ ሰው ነኝ፤ በሰው ቤት፣ በሰው ማዕድ ላይ፣ ታላቅ ሰው የተናገረውን አላፈርስም። የቀረበልኝን በላሁ። ጻፊ ካሉኝ ግን የምጽፈው የማውቀውን ነው።

የእኛ ሰፈር በጭቃ ቤቶችና በቆርቆሮ አጥሮች የተጨናነቀ፣ ክረምት ሲገባ ድንጋይ ከድንጋይ እየዘለልን የምንተላለፍበት መንደር ነበር። ስልክ ያላቸው፣ ባላቸው የአንድ መሥሪያ ቤት ሹም የነበሩት እትዬ አጸደ ብቻ ናቸው። ስልኩ ባለ ሦስት እግር ጠረጴዛ ላይ፣ ራሳቸው በሠሩት ነጭ ዳንቴል ተሸፍኖ፣ እንደ ታቦት በክብር ይቀመጥ ነበር። በየጠዋቱ መናገሪያውን ሽቶ በነካ ጥጥ ይጠርጉታል። ከቁጥሮቹ ቀዳዳ በአንዱ ላይ ደግሞ፣ ማንም እንዳያዞረው፣ የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል የናስ ጓጉንቸር ተንጠልጥላለች፤ ቁልፏ ያለው እትዬ አጸደ ማተብ ላይ፣ ከመስቀላቸው አጠገብ ነው።

ስልኩ ሲጮህ እትዬ አጸደ በአጥሩ ላይ አንገታቸውን አውጥተው የተፈለገውን ሰው ስም ይጣራሉ። ያን ጊዜ ለወሬ ብሎ የሚደውል ስላልነበረ፣ ሰፈሩ በሙሉ ማን ሞተ ብሎ እጁን ከሥራው ላይ ያነሣል፤ የተጠራችውም በእጇ የያዘችውን ጥላ፣ ነጠላዋን ወደ ኋላ እየወረወረች ትሮጣለች። እትዬ አጸደ ዳንቴላቸውን ይዘው አጠገብ ይቀመጣሉ እንጂ አይወጡም። ማን እንዳረገዘች፣ የማን ልጅ ከሥራ እንደተባረረ፣ ማን ከማን ጋር እንደተኳረፈ ከሁሉ በፊት የሚያውቁት እሳቸው ነበሩ። አንዲት ጉራጌ ጎረቤታችን ምስጢሯን ለመሸሸግ በአገሯ ቋንቋ ታወራ ነበር፤ እትዬ አጸደ በሁለት ዓመት ውስጥ ጉራጊኛ ለመዱ።

አባቴ የከባድ መኪና ሾፌር ነበር፤ ከአሰብ ወደብ ጭነት ያመላልሳል። በየሁለት ሳምንቱ እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ ከአሰብ ይደውልልናል። እማዬ ለዚያ ስልክ ፀጉሯን ተጎንጉና፣ ንጹሕ ቀሚሷን ለብሳ ነበር የምትሄደው፤ የሚያያት ይመስል። የእኔ ተራ መጨረሻ ላይ ነው። አባዬ ሁልጊዜ “ጥርስሽ በቀለ ወይ?” ይለኛል፣ እኔም ራሴን እነቀንቃለሁ፣ እማዬም ክንዴን ቆንጠጥ አድርጋ “ተናገሪ እንጂ፣ አይታየውም እኮ!” ትለኛለች፤ እንዲህ ስንባባል መሥመሩ ይቋረጣል። የነበረኝ አባት እሱ ነው፤ በዓመት ጥቂት ቀን በአካል፣ በቀረው ጊዜ ደግሞ የአንዲት ጥያቄ ድምፅ።

ትምህርት ቤት አንዲት የክፍሌ ልጅ፣ ስልክ ቢቆለፍም እጀታው የሚያርፍበትን መጫኛ ቶሎ ቶሎ መታ መታ ካደረጉት ያለ ቁልፍ እንደሚደውል ነገረችኝ። ለአንድ ቁጥር አንዴ፣ ለአምስት አምስቴ እየተመታ መሆኑን ግን ሳታስረዳኝ ቀረች። እኔ የተረዳሁት ልቤ ውስጥ የምፈልገውን ሰው እያሰብኩ በደንብ ከመታሁ ስልኩ ራሱ ያውቃል ብዬ ነው። አንድ ቀን እትዬ አጸደ ጓሮ ጎመን ሲቀጥፉ ሹልክ ብዬ ገባሁና፣ አባዬን እያሰብኩ፣ ጣቴ እስኪደክመው መታሁ። ደግሞ ጠራ! አንድ ወፍራም ድምፅ “ሃሎ” አለ።

“አሰብ ነው?” አልኩ።

“አይ የኔ እናት፣ ዳቦ ቤት ነው” አለኝ ሰውየው እየሳቀ።

ቀና ስል እትዬ አጸደ ጎመናቸውን በጉያቸው ይዘው በሩ ላይ ቆመዋል።

በዚያው ቀን ቤተሰባችን ከስልክ ታገደ። እማዬ ጫማቸው ላይ ወድቃ ለመነቻቸው፤ አልሆነም። ሦስት ሽማግሎች ተላኩ፤ ጋቢያቸውን ደርበው፣ በርጩማ ላይ ተደርድረው፣ አንዲት ልጅ ስልክ ስንቴ እንደመታች ግማሽ ቀን ሲከራከሩ ዋሉ። በመጨረሻ እትዬ አጸደ “ፍልሰታ ይውጣና እታረቃለሁ፤ እስከዚያ ትንሽ ይቅመሱት” አሉ። ሽማግሎቹም ከዚህ የሚሻል ፍርድ የለም ብለው መርቀው ተነሡ። እኔ በልጅነቴ አሥራ አምስት ቀን ምን አላት ብዬ፣ ክረምቱ ፋታ ሲሰጥ ወጥቼ ሰኞ ማክሰኞ እጫወት ነበር።

ፍልሰታ ወጣ፣ ታረቅን። እሑድ መጣ፣ ስልክ የለም። የሚቀጥለውም እሑድ የለም። በሦስተኛው ሳምንት አንድ የአባዬ ጓደኛ ሾፌር፣ የአባዬን ጋቢና ፔርሙዝ ይዞ ከሁለት ሽማግሎች ጋር በራችን ላይ ቆመ። የገደለው ወባ ነው። አሰብ ሆስፒታል ስድስት ቀን ተኝቶ ነበር፤ በሦስተኛው ቀን ሻል ሲለው፣ ጓደኛው ደግፎት ስልክ ቤት ድረስ ሄዶ ደውሏል። “ቤት የሉም ተባልኩ ብሎ ተመለሰ” አለን ሰውየው፣ ከባድ ነገር መናገሩን ሳያውቅ። እማዬ ወደ እኔ አልዞረችም። ስለዚህ ነገር እስከ ዛሬም አንድ ቃል አልተናገረችኝም። እኔ ግን ያን ጊዜ የዞርኩት ወደ ጣቴ ነው።

አራተኛ ክፍልን ሳልጨርስ ትምህርቴን አቋርጬ ከእማዬ ጋር የሰው ልብስ አጣቢ ሆንኩ። ሰው ዛሬ ስለ ፍርሃቴ ይቀልዳል፤ ከቤት ስወጣ ምድጃውን ሦስት ጊዜ የምነካው፣ ትራም የአምስት ደቂቃ መንገድ እያለች ሃያ ደቂቃ ቀድሜ የምወጣው ለምን እንደሆነ የጠየቀኝ ግን የለም።

ከቨርሷ ስንመለስ ባቡሩ ውስጥ ሩትን ይህን ስልክ የሚሉትን ነገር ማን እንደሠራው እንድታይልኝ ጠየቅኋት። መጀመሪያ የተሠራው አሜሪካ ነው አለችኝ። በእጅ የሚያዘውስ ብላት፣ እሱንም አሜሪካ ውስጥ አንድ ሰው መንገድ ላይ ቆሞ ያለ ሽቦ ደወለበት ብላ አነበበችልኝ። ከዚያ ወዲህ መቀለጃዋ አድርጋኛለች፤ ዙሪክ፣ ሽዋመንዲንገን የሚባል ሰፈር ባለው ቤታችን ውስጥ እየዞረች “እማ፣ የጃኬትሽም ዚፕ የአሜሪካ ነው፣ ማይክሮዌቩም፣ ያመጣሽ አውሮፕላንም፤ ተነሽና እጅ ንሺ” ትለኛለች። አሜሪካን ረግጬ አላውቅም። ሎተሪውን ሁለት ጊዜ ሞልቼ አልደረሰኝም። መንግሥታቸው ለሚሠራው ጥብቅና ልቆም አይደለም፤ አሞግሺ ብሎ የላከኝም የለም። ግን እነዚያ ሠሪዎች አንድ ጊዜ ሠርተው፣ ለሹም ቤት በቅቷል ብለው አልተቀመጡም። ሽቦውን ጣሉለት፣ አሳነሱት፣ ሌላውም አገር ተቀብሎ ዋጋውን አረከሰው፣ እስከ ልብስ አጣቢ እጅ ድረስ አመጡት። እማዬ ዛሬ አርጅታ፣ ስልኳን ጡቷ ሥር ሸጉጣ ገበያ ትወጣለች፤ በምስል እየደወለች ፊቷን ሳይሆን የጣሪያውን ቆርቆሮ እያሳየችኝ ግማሽ ሰዓት ታወራኛለች። አጠገቧ ዳንቴል የሚሠራ የለም።

ስልክ አለያየን፣ ፍቅር አጠፋ የሚሉኝን ሁሉ አልሰማም። እትዬ አጸደ ክፉ ሴት አልነበሩም፤ ኩፍኝ ሲይዘኝ አዝለው ጤና ጣቢያ የወሰዱኝ እሳቸው ናቸው። ግን አርባ ቤት በአንድ ሰው ማተብ ላይ ከተንጠለጠለ፣ ያ ሰው መልአክ እንኳ ቢሆን አንድ ቀን ይቆጣል። ያ ሁሉ መከባበር፣ ያ ሁሉ ለበዓል ሙዳ ሥጋ መላላክ፣ ግማሹ ፍቅር ቢሆን ግማሹ ፍርሃት ነበር። እኛ ልጆቹ እናውቃለን፤ ጫማ ላይ ስትወድቅ ያየናት የገዛ እናታችንን ነው።

ወደዚህ አገር ልመጣ ስል እትዬ አጸደን ልሰናበት ሄድኩ። ባላቸው ሞተዋል፣ ዓይናቸው ደክሟል። እጄን ይዘው ሳልጠይቃቸው ጀመሩ።

“ደውሎ ነበር። ትንሿን ብቻ ይጥሩልኝ፣ እናቷን ሥራ አያስፈቷት አለኝ። መታመሙን አልነገረኝም። እኔም ቂሜ አልወጣልኝ ነበርና፣ የሉም አልኩት። አንቺ ደሞ በመስኮቴ ሥር ‘ረግጠሻል! ረግጠሻል!’ እያልሽ ከልጆች ጋር ትጨቃጨቂያለሽ።”

“ሰማኝ?” አልኳቸው።

“ሰማሽ እንጂ። ሳቀ። ‘ግድ የለም እትዬ፣ ትጫወት፤ ሌላ ቀን እደውላለሁ’ አለኝ።” ከዚያ ጉልበቴን ሊይዙ ጎንበስ አሉ። “ይቅር በይኝ ልጄ።”

“ይቅር ለእግዚአብሔር” አልኳቸው፤ የሚባለው እሱ ነው። ጉንጫቸውን ስሜ ወጣሁ።

ይቅር ማለት ሌላ፣ ያን ዘመን መናፈቅ ሌላ ነው። የዚያን ሰፈር ዝናብ፣ የጓሮውን ጎመን፣ የልጆቹን ጩኸት ናፍቀሽ ብትሉኝ አዎ እላለሁ። ያጣሁትን ቁጠሪ ካላችሁኝ ግን ከሁሉ በፊት የምቆጥረው ያን አንድ ሳቅ ነው። እትዬ አጸደ ሰምተውታል፤ እኔ ሁለት ክንድ በማይሞላ ግድግዳ ማዶ ሆኜ አልሰማሁትም። የአባቴን ድምፅ አስታውሳለሁ፤ ሳቁ ግን ምን ይመስል እንደነበር፣ ስንት ዓመት ሞከርኩ፣ አልመጣልኝም። የሚያሰማኝም ሰው የለም።

ሩት አሁን የአረጋውያን መጦሪያ ቤት ውስጥ፣ ሌሬ የሚሉትን የሥራ ትምህርት ጀምራለች። ጠዋት ስትደርስ እደውላለሁ፣ ምሳ ሰዓት እደውላለሁ፣ ስትወጣ እደውላለሁ። ኃላፊዋ ልጅሽ አድጋለች፣ ልቀቂያት ብላ መከረችኝ፤ ጓደኞቿ ስሜ ስልኳ ላይ ሲመጣ ይሳሳቃሉ፤ እሷም “እማ፣ ከቁርስ በኋላ ምን አዲስ ነገር መጣ?” ብላ ትስቅብኛለች፣ ያንን ረጅም ሳቋን። ምንም አዲስ ነገር የለም እላታለሁ። አልዘጋም፤ ስቃ እስክትጨርስ እሰማለሁ። ነገ ምሳ ሰዓትም እደውላለሁ።