ታይፑ ሲቆም የሚገቡት ሴትዮ

ዛሬ አንዲት የዶክትሬት ተማሪ እዚህ መካነ ሰላም ከተማ ድረስ መጥታ «እትዬ፣ በደርግ ጊዜ በሥራ ቦታ ጾታዊ ትንኮሳን የምትከላከሉበት ዘዴ ነበር?» ስትለኝ «መጥረጊያ» አልኳት።

ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም።

ያኔ ታይፒስት ነበርኩ። ኃላፊው ጠረጴዛዬን እሱ ክፍል አስገብቶት ነበር፤ ባለጉዳይ ሲወጣ በሩን ይዘጋል። እጄን ሲይዘኝ ታይፑ ይቆማል።

የጽዳት ሠራተኛዋ እትዬ ዘሃራ ኮሪደሩ ላይ ሆነው ያዳምጡ ነበር። ታይፑ በቆመ ቁጥር በሩን በርግደው «ጓድ፣ አቧራ አለ፣ ልጥረገው» ብለው ይገባሉ። እንደገና መጻፍ እስክጀምር ይጠርጋሉ፤ ሲወጡም በሩን አይዘጉትም።

(ቢሯችን በንጽሕና የተመሰገነው ለዚህ ነው።)

ስለዚህ ነገር አንድም ቀን አላወራንም። ሳላመሰግናቸው ሞቱ።

ተማሪዋ ሁሉንም ጻፈች፤ ስማቸውን ግን ተወችው። ጥናት ላይ ስም አይጻፍም አለችኝ። እንግዲህ እኔ እዚህ ጻፍኩት፦ ዘሃራ።

አሁን ልጅቷ ሄዳለች፤ ቤቱ ጭጭ ብሏል። ከጠዋት እስከ ማታ ድምፄ ባይሰማ በር ከፍቶ የሚገባ የለኝም።

እናንተስ፣ ዝም ስትሉ የሰማችሁ ማን ነበር? ስሙን እዚህ ጻፉልኝ።