በሩን የከፈቱለት ድምፅ

ስሟን አልጠራም። የከተማዋንም ስም አልጠራም። ከአምቦ ወደ ባኮ በሚወስደው መንገድ ላይ ካሉት ትንንሽ ከተሞች አንዷ ናት፤ ጤና ጣቢያዋም አንድ ነው፤ ዛሬ ብጠራው ነገ ሁሉም ያውቃታል። ስለዚህ ሲስተር እላታለሁ። ነርስ ስለሆነች ያኔም የምንጠራት እንደዚያው ነበር።

እኔ የካርድ ክፍል ሠራተኛ ነበርኩ፤ ያኔ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። ሥራዬ የታካሚ ካርድ ፈልጎ ማውጣት ነው፤ እውነቱን ለመናገር ግን የምፈልገውን ያህል አላገኝም ነበር። ሲስተር ደግሞ መርፌ ክፍል ናት፤ ከእኔ በአምስት ዓመት ብትበልጥ ነው። ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ስትራመድ እንኳ ኮቴዋ የማይሰማ ሴት። ይቺ ሰውን በሳቅ ትገድላለች ብሎ ማን ይገምታል?

መርፌ ክፍል በር ላይ አንዱ ልጅ ማልቀስ ከጀመረ ሰልፉ በሙሉ ይቀበለዋል። እንደዚያ ሲቀወጥ ሲስተር ከጋውኗ ኪስ አንድ ቡናማ የወንድ ካልሲ ታወጣና እጇን ታስገባበታለች። ሁለት የሸሚዝ ቁልፍ ዓይን ሆኖ ተሰፍቶለታል፤ የጥጥ ፂም አለው። ስሙ ኦቦ ካልሲ ነው፤ አቶ ካልሲ እንደማለት።

«አካም ቡልተን!» ብሎ ሰልፈኛውን በሙሉ እንዴት አደራችሁ ይላል፣ ሻከር ባለ፣ በሚያስል የሽማግሌ ድምፅ። የሲስተር ከንፈር ግን ንቅንቅ አይልም። አፍጥጬ ነው ያየኋት እላችኋለሁ፤ ንቅንቅ አይልም!

«አንተ ጎረምሳ» ይለዋል እናቱ ጉያ የተሸጎጠውን የአራት ዓመት ልጅ። «ካንተ ቀጥሎ ተረኛው እኔ ነኝ። ማሎ፣ እባክህ፣ አንተ ቀድመህ ተወጋልኝና ያምም እንደሆነ ንገረኝ።» ልጁ አፉን ከፍቶ ካልሲውን ሲያይ መርፌው ገብቶ ይወጣል።

«እህ? አመመህ?»

«አላመመኝም።»

«ውሸታም! እንባህ ይኸው! እኔማ ወደ ቤቴ ሄጃለሁ!» ይልና ኦቦ ካልሲ ተንደርድሮ ኪሷ ውስጥ ይገባል። ከዚያ ከኪሱ ውስጥ በታፈነ ድምፅ፣ «ከጠራችኝ የለም በሉ!» እናቶቹ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ጭነው ይንፈቀፈቃሉ።

እኔንም አይምረኝም። «የካርድ ክፍሏ ልጅ ካርዴን ትፈልጋለች፤ ከተወለድኩ ጀምሮ እየፈለገች ነው» ይላል። አንድ ቀን ሲስተር ካርድ ክፍል ገብታ ባዶ እጇን እንደቆመች ድምፁ ከላይኛው መደርደሪያ መጣ። «እዚህ ነኝ! አቧራው ውስጥ ነኝ! አውጡኝ!» ወንበር ላይ ወጥቼ ፈለግኩት። እንዴ! እጇ ባዶ እንደሆነ እያየሁ ወንበር ላይ ወጣሁ!

ሞትኩላት። ምሳዬን ትቼ በሩ ሥር ቆሜ ነበር የማያት። እንደ እሷ ባደረገኝ ብዬ የተመኘሁት ሌላ ሰው የለም፤ የተማረም፣ ሀብታምም አይቼ አልቀናሁም፤ በእሷ ግን ቀናሁ።

ኢንተርኔት በተዘጋባቸው ወራት አንድ ከሰዓት በኋላ እንዴት እንደተማረችው ነገረችኝ። አምቦ ሄዳ ፍላሽ ላይ ካስጫነችው ቪዲዮ ነው። አንዲት ፈረንጅ አሻንጉሊት ይዛ ታናግራለች። «ቋንቋዋን አልሰማሁትም፤ ጉሮሮዋን ብቻ ነው ሳይ የከረምኩት» አለችኝ። ሁለት ዓመት መስታወት ፊት ቆማለች። «ድምፁ የትም አይሄድም፤ የሚሄደው የሰው ዓይን ነው። እኔ መደርደሪያውን ሳይ አንቺም አየሽ፤ ጆሮሽ ደግሞ ዓይንሽን ተከተለ። በቃ፣ ይኸው ነው።»

አስተምሪኝ ብዬ ነዘነዝኳት። ከንፈር የማያነካካ ቃል መርጣ ሰጠችኝ፤ «ደህና ነኝ» የሚል። ጥርሴን ገጠም፣ ከንፈሬን ትንሽ ከፈት አድርጌ፣ በምላሴ ብቻ። ሁለት ወር ፈጀብኝ። የቻልኩት ቀን ካርድ ክፍሉ ውስጥ ተቃቅፈን ዘለልን።

ለምን ይሄን ቃል እንደሰጠችኝ ያን ቀን ነገረችኝ። የኦቦ ካልሲ ድምፅ የአባቷ ድምፅ ነው። ደንዲ ወረዳ ገበሬ ነበሩ፤ መርፌ ይፈራሉ። ደህና ነኝ፣ ደህና ነኝ እያሉ ቤት ውስጥ ነው የሞቱት። ካልሲው ሆስፒታል ሲሄዱ እንዲያደርጉት የተገዛላቸው ነበር፤ አንድ ቀንም አላደረጉትም። «ድምፁ እንዳይጠፋብኝ ብዬ ነው የጀመርኩት» አለች። «አሁን ከሌላ ሰው ጋር ስስቅ እንኳ አብሮኝ ያለ ይመስለኛል።» ይህን ከእኔ በቀር ለማንም አልነገረችም።

ከዚያ ነገሩ መጣ። አንድ ልጅ መርፌ በተወጋ ማግሥት ትኩሳቱ ባሰበትና «የለም በሉ፣ የለም በሉ» እያለ ቃዠ። እናቱ ደንግጣ ቸርች ወሰደችው። ከዚያማ ወሬውን ማን ይመልሰው! ከሆዷ ውስጥ የሚናገር አለ። ከንፈሯ አይንቀሳቀስም። የቃሊቻ ነገር ነው። ትናንት ስትንፈቀፈቅ የነበረችው ሁሉ «እኔስ ገና ሳየው ከብዶኝ ነበር» ማለት ጀመረች።

ሲስተር የእኛው ቸርች አባል ናት። ቅዳሜ ጠዋት ለጸሎት ትምጣ ተባለ፤ መጣች። እኔም ነበርኩ። የእጮኛዬ አባት ከቸርቹ ሽማግሌዎች አንዱ ናቸው፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ እኛ ቤት ሽማግሌ ሊላክ ቀን ተቆርጧል። ይህን የምነግራችሁ ሰበብ እንዲሆነኝ አይደለም። ኧረ ሰበብ እንዲሆነኝ ነው፤ ምን እዋሻለሁ!

በእርጋታ አስረዳቻቸው። «ትምህርት ነው፤ ከቪዲዮ ነው ያየሁት። ላሳያችሁ» አለች።

«እንዳታሳዪን! እንዳትጠሪው!» ብለው ጮኹ።

እንግዲህ ብታሳያቸው መንፈሱን ጠራች፤ ባታሳያቸው ደበቀች። አንድ መውጫ ብቻ ነበራት። ሌላ ሰው፣ ማንም የማይጠረጥረው ሰው ተነሥቶ ከንፈሩን ሳያንቀሳቅስ «ደህና ነኝ» ቢል፣ ነገሩ እዚያው በሳቅ ያልቅ ነበር። ያ ሰው ሦስተኛው አግዳሚ ላይ ተቀምጧል። እኔ ነኝ።

የእጮኛዬ አባት ወደ እኔ ዞሩ። «ልጄ፣ አንቺ አብረሻት ትሠሪያለሽ። ይህን ነገር ታውቂዋለሽ?»

ሲስተር አየችኝ። «እሷም ትችላለች፣ እሷን ጠይቋት» ማለት ትችል ነበር። አላለችም። ዓይኗን ወደ ወለሉ መለሰች።

«እኔ ካርድ ክፍል ነኝ» አልኩ። «ብዙም አላያትም።»

አንበረከኳት፤ እጅ ጫኑባት። ስምህ ማን ነው፣ መቼ ገባህ፣ ውጣ! ወለሉ ሲሚንቶ ነው። እንደተንበረከከች አንድ ሰዓት ሞላት፤ ሁለት ሰዓት ሞላት። ክፉ ሰዎች አይደሉም፤ እንባቸው እየወረደ ነው የሚጸልዩላት። አንዱ ሲደክመው ሌላው ይተካዋል። እሷን ግን የሚተካት የለም። ጉልበቷ ሲንቀጠቀጥ ከተቀመጥኩበት ይታየኛል፤ እኔም ተቀምጬ አያለሁ።

በመጨረሻ አንገቷን ደፋች። ኦቦ ካልሲ ተናገረ።

«ማሎ፣ አትጩሁብኝ! እወጣለሁ!»

ቤቱ ተናወጠ። «ውጣ! ውጣ!»

«እሺ አልኩ እኮ! አትገፍትሩኝ! በሩ የት ነው?»

የእጮኛዬ አባት ሮጠው ሄደው በሩን ከፈቱለት።

እውነቴን ነው። ከፈቱለት! ሲስተር ራሷን ቀስ አድርጋ ወደ በሩ አዞረች፤ ሁላችንም አብረናት ዞርን። ድምፁ ከደጃፉ መጣ። ከዚያ ከአጥሩ ማዶ፣ እያሳለ፣ እየራቀ፣ «ሄድኩ፣ ሄድኩ» አለ። በመጨረሻም ከአስፋልቱ ወዲያ እንደሆነ ሁሉ በጣም ቀጥኖ፣ «ደህና ነኝ።»

ሰው ሁሉ በሩን ሲያይ እኔ ጉሮሮዋን ነበር የማየው። ሲንቀሳቀስ አይቻለሁ። አባቷን ራሷ አስወጣቻቸው፤ እኛ ደግሞ ደስ አለን። እንደዚያ ያለ ትርዒት ከዚያ በፊት አላየሁም፤ ከዚያ በኋላም አላየሁም፤ እጄ ለማጨብጨብ ተነሥቶ ነበር። በተነሣው እጄ ምን አደረግኩ? ወደ ላይ ዘረጋሁትና ሃሌ ሉያ አልኩ። ከሁሉም ጮክ ብዬ ነው ያልኩት፤ አፈር በበላሁ!

ካልሲውን በእንጨት አንጠልጥለው ከቸርቹ ጀርባ አቃጠሉት። ከዚያ ወዲያ ነገሩ አበቃ። ነፃ ወጥታለች ተብሏልና፣ ያ ድምፅ አንድ ቀን እንኳ ቢሰማ ተመለሰባት ነው የሚባለው። ሥራዋ እንዳይቀርባት፣ ጎረቤት እንዳይሸሻት ስትል ያንን ድምፅ ለዘላለም መዋጥ ነበረባት።

ሰኞ ጠዋት መርፌ ክፍል በር ላይ ሄጄ ቆምኩ። ሌሊቱን ሙሉ ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝ። «ሲስተር» አልኩና ቀረሁ።

«የአምስት ሰው ካርድ ይጎድለኛል» አለችኝ። «ፈልገሽ አምጪልኝ።»

አልተቆጣችም። ብትቆጣኝ ምን ነበረበት! ካርዶቹን አገኘኋቸው፤ አምስቱንም። ከዚያ ቀን ጀምሮ የልጆቹ ለቅሶ እስከ ካርድ ክፍል ይሰማል፤ በሬን እዘጋለሁ፤ ያም ሆኖ ይሰማል። ዓመት ሳይሞላ ዝውውር ጠይቃ ወደ ባኮ አካባቢ ሄደች። ሽኝት ሲደረግላት የምስጋና ንግግር እንዳደርግ ተመርጬ ነበር። አሞኛል ብዬ ቀረሁ።

አገባሁ። ባሌ ደግ ሰው ነው፤ አምቦ ገባን፤ ሴት ልጅ ወለድን። አማቴ እኛ ዘንድ ሲመጡና እንግዳ ሲኖር ያቺን ቅዳሜ ያነሣሉ። «በዚህ እጄ ነው በሩን የከፈትኩለት» ይላሉ፤ እጃቸውን ዘርግተው እያሳዩ። አያጋንኑም፣ አይዋሹም፤ የሰሙትን ነው የሚናገሩት። ከዚያ ሻይ ወደምቀዳው ወደ እኔ ያዩና «እሷም ነበረች፤ ምስክር ናት» ይላሉ።

«አዎ» እላለሁ። ለባሌ እንኳ አልነገርኩትም።

ባለፈው ዓመት የኩፍኝ ክትባት ዘመቻ ነበር። ልጄን ይዤ ቀበሌው ግቢ ውስጥ ወደተተከለው ድንኳን ሄድኩ፤ አማቴም አብረውን መጡ። እሳቸው የሚያውቁት ሰው አግኝተው በር ላይ ሰላምታ ይዘው ቀሩ፤ እኛ ገባን። ለዘመቻው ከሌላ ወረዳ የመጡ ነርሶች ናቸው። ከመሃላቸው አንዷ መነጽር አድርጋለች። ሲስተር ናት።

ልጄን ወደ ደረቴ አስጠጋሁ። እሷ ግን ማንኛዋንም እናት እንደምትጠይቅ «ደህና ነሽ?» አለችኝ፤ የልጄንም እጅጌ መጠቅለል ጀመረች። ልጄ መርፌውን ስታይ ጩኸቷን ለቀቀችው። ታገለች፣ ተራገጠች፣ አንድ ጫማዋ ወለቀ። ሲስተር መርፌውን ይዛ ዝም ብላ ትጠብቃለች። ዝምታዋን አልቻልኩትም።

ምን እንደነካኝ አላውቅም፤ የልጄን ካልሲ ከእግሯ አውልቄ ጣቶቼ ላይ አጠለቅኩት። ትንሽ ነው፤ ሦስት ጣት ብቻ ነው የሚይዘው። ልጄ ፊት አቁሜ፣ ጥርሴን ገጥሜ፣ «ደህና ነኝ» አልኩ።

ልጄ ጩኸቷን ቀጥ አደረገች። እንባዋ ጉንጯ ላይ እንዳለ ካልሲውን አፍጥጣ አየችው።

ቀና ስል ሲስተር እያየችኝ ነው። በመነጽሯ ውስጥ ዓይኗ ሳቅ ብሏል። ያንን ፊት ካየሁት ስንት ዓመቴ! «ከንፈርሽ ተንቀሳቀሰ» አለችኝ በሹክሹክታ። «ትንሽ ዘና አድርጊው። እንደገና በይው።»

እንደገና ልል አየር ሳብኩ።

«ምንድን ነው?» አሉ አማቴ ከኋላዬ።

ካልሲውን ከጣቴ ላይ መነጨቅኩት። «ምንም አይደል አባባ፤ ካልሲዋ ወልቆ ነው።»

ሲስተር ዓይኗን ሰበረች። የልጄን ክንድ በጥጥ ጠረገች፣ ወጋቻት፣ ልጄም ድንኳኑ እስኪናወጥ ጮኸች። አማቴ ሲስተርን አላወቋትም፤ እግዚአብሔር ይስጥልን ልጄ ብለው መረቋት። እሷም አሜን አለች። ከዚያ ወደ እኔ ሳታይ «እግሯን ይበርዳታል፤ አልብሻት» አለችና ቀጣዩን ልጅ ጠራች።

ወደ ቤት ስንመለስ ባጃጅ ውስጥ ልጄ በእኔና በአማቴ መካከል ተቀምጣ እግሯን ስታይ ቆየች። ለቅሶዋ አልፏል። ካልሲዋን በጣቷ ነካ ነካ አደረገችውና ቀና አለች።

«እማዬ፣ ካልሲዬ ተናገረ አይደል?»

አማቴ ሳቁ። «የምን ካልሲ ነው የሚናገረው?»

«ተናግሯል! ደህና ነኝ ብሏል! እማዬ ንገሪው፤ ብሏል አይደል?»

ሁለቱም ወደ እኔ ዞረው ጠበቁኝ።

«ካልሲ አይናገርም» አልኳት።