ከብስክሌት መውረድ

ቺንጋ ሲሞቅ የሚሸተውን ሽታ ወፍጮ ቤት አጠገብ ያደገ ሰው አይረሳውም፤ የተቃጠለ ጎማ፣ ዱቄትና ግራሶ አንድ ላይ ተለውሶ። ባለፈው ወር ባሕር ዳር፣ ያገለገለ የብስክሌት ዕቃ ከሚሸጥበት ሱቅ ውስጥ፣ ልጄ አትጠገብ ሮለር ላይ ወጥታ ስትሞክር ያ ሽታ አፍንጫዬን መታኝና፣ በዚህ ዕድሜዬ፣ ሻጩ ፊት ፊቴ በሀፍረት ጋለ።

ሮለር ለማያውቀው ሰው፣ እንደ ሊጥ መዳመጫ የሚሽከረከሩ ሦስት ቱቦዎች የብረት ፍሬም ላይ ተጋድመው ማለት ነው፤ ሁለቱ ከኋላ ጎማ ሥር፣ አንዱ ከፊተኛው ሥር። ኮርስ ብስክሌቱ በላያቸው ይወጣል፣ ደግፎ የሚይዘው ነገር የለም። ስትነዳ ቱቦዎቹ ይዞራሉ፣ ቺንጋው የኋላውን ዙር ለፊተኛው ያቀብላል፣ አንተ እዚያው ነህ። አንድ እጅህን በድንገት ካነሣህ ወደቅህ።

አትጠገብ ለክልሉ የብስክሌት ቡድን ምርጫ ትዘጋጃለች። ከምንኖርባት ከፍኖተ ሰላም ወደ ደምበጫ የሚወስደው አስፋልት ግን አንድ ቀን ይከፈታል፣ አንድ ቀን ይዘጋል፤ ሲከፈትም ባጃጁና የጭነት መኪናው ለብስክሌት ቦታ አይተውም፤ ክረምቱ ደግሞ መጣ። ቤት ውስጥ ካልነዳች እግሯ ይሰንፋል፣ ምርጫውም ያልፋታል። እኔ ደግሞ አዲስ ዕቃ የሚገዛ ኪስ የለኝም።

ሻጩ መጀመሪያ ያሳየን የኋላ ጎማ ነክሶ የሚይዘውን ነበር። አይጥልም፤ ግን ጎማ ይበላል፣ ሚዛንም አያስተምርም። «ይኼማ በቅሎን ግንድ ላይ አስሮ ጋለብሁ ማለት ነው» አልሁት፤ ሰውዬው አልሣቀም። ሁለተኛው የፕላስቲክ ቱቦ ያለው ነው፤ ከሁሉ የረከሰው እሱ ነበርና ልቤ ወደዚያ አዘነበለ። አትጠገብ ስትወጣበት ግን እንደ ኮረኮንች መንገድ አንቀጠቀጣት፤ ፀሐይ አግኝቶት ጎብጧል። ሦስተኛው አሉሚኒየም፣ ያገለገለ፣ ቺንጋው የላላ።

«ቺንጋ ይቀየራል አባዬ፤ ቱቦ ከጎበጠ ግን አይቃናም» አለችኝ። ከስልኳ አንብባ ነው። እኔ ፊደል የቆጠርሁት ሚስት አግብቼ፣ ልጅ ወልጄ፣ በማታ ትምህርት ነው፤ ዛሬም ሳነብ ከንፈሬ ይንቀሳቀሳል። ስለዚህ አልተከራከርኋትም። ፍሬሙ ገፋ ሲደረግ አጥሮ ለእሷ ትንሽ ብስክሌት ልክ መጣ፣ ያንኑ ገዛን። የሸተተኝም የሱ ቺንጋ ነበር።

ቡሬ ነው ያንን ሽታ የማውቀው። ጋሽ ይርዳው የሚባሉ ብስክሌት አከራይ ነበሩ፤ ኩርፊያቸው እንደ ጉንፋን የሚመላለስባቸው፣ እጃቸው ግን የተባረከ ሰው። እኔ ከማንኩሳ መጥቼ እሳቸው ዘንድ ጎማ እለጥፍ ነበር፤ ጎረምሳ ነኝ፣ እግሬ ደግሞ አያምጣብህ። ጋሽ ይርዳው ሮለር የሚባል ነገር የሆነ ቦታ አይተው መጥተው ከዋንዛ ግንድ ሦስት ግንዲላ አስጠረቡ፣ ከጎረቤት ወፍጮ የተጣለ ኩሽኔታና ያረጀ ቺንጋ ለምነው ገጣጠሙትና እኔን ላዩ ላይ አወጡኝ። ሲዞር ወፍጮው ራሱ ዝም ያለ እስኪመስል ይጮሃል። ገበያተኛው አህያውን አቁሞ በበሩ ያያል። አንድ የኔታ ነበሩ፣ ባለፉ ቁጥር ቆም ብለው «ይኼ ልጅ ቀኑን ሙሉ ይገሰግሳል፣ ማታ እዚያው ያድራል፤ የኔን ደቀ መዝሙር ይመስላል» ይሉ ነበር። እኔ ግን እዚያው ቆሜ የሄድሁትን ያህል በሕይወቴ ሄጄ አላውቅም።

አንድ ቅዳሜ፣ ለአውራጃው የሚወዳደር ብስክሌተኛ የሚመርጥ ሰው መጣ። ጋሽ ይርዳው «እንዳታሳፍረኝ» ብለው ወንበር አቀረቡለት። ነዳሁ። ሰውዬው ሰዓቱን ያያል፣ እግሬን ያያል፣ በአድናቆት ራሱን ይነቀንቃል። ሊሆን ነው አልሁ።

በአገራችን በቅሎ ላይ ያለ ሰው ሽማግሌ ሲያገኝ ወርዶ፣ ጎንበስ ብሎ ነው ሰላምታ የሚሰጥ። ሳይወርድ ካለፈ ስድቡ ለወላጁ ነው። ይህ ነገር ከወተት ጋር የገባ ነው፤ ታስቦ የሚደረግ አይደለም። አባቴ ያን ቀን በሬ ሊያዩ ቡሬ ገበያ ወጥተው ኖሯል፤ በበሩ ብቅ አሉና፣ ጋቢያቸው አቧራ እንደለበሰ፣ «እንደምን ዋልህ ልጄ?» አሉኝ።

ወረድሁ። ከሮለር ላይ፣ በዚያ ፍጥነት፣ ጎንበስ ብዬ።

ግድግዳው ሥር ስነቃ ትከሻዬ ወልቋል፣ ብስክሌቱ ሆዴ ላይ ነው፣ ቤቱ በሣቅ ተሞልቷል። መራጩ ሰውዬ ዕንባውን እየጠረገ «ውድድር ላይ በየመንደሩ እየወረደ እጅ ሊነሣልን ነው!» አለ፤ ሣቁ እንደገና ተነሣ። አባቴ መሀል ቤት ቆመው አንዱን ያያሉ፣ ሌላውን ያያሉ። «ምን አጠፋሁ?» አሉ። ከዚያ አዝለውኝ ወጌሻ ቤት ወሰዱኝ። የተመረጠው ሌላ ልጅ ነው።

ከዚያ ወዲያ ትከሻዬ ቢድንም ለውድድር አልሆነም፤ ከማንኩሳ ፍኖተ ሰላም ዕቃ በብስክሌት እያመላለስሁ መኖር ጀመርሁ። አባቴን መንገድ ላይ አገኛቸዋለሁ። ማግኘት ከተባለ። ከሩቅ ሲያዩኝ ከመንገዱ ወርደው ከባሕር ዛፉ ኋላ ይቆማሉ፣ ፊታቸውን ወደ ማሳው አዙረው። ግንዱ ቀጭን ስለሆነ የጋቢያቸው ጫፍ ይታየኛል። አፍረውብኛል አልሁ። እኔም አፈርሁ፣ ከዚያም ተናደድሁ፣ ፔዳሉን ረግጬ አልፋለሁ። ዓመታት እንዲህ አለፉ። ቤት ስንገናኝም ስለ በሬና ስለ ዝናብ ነበር የምናወራ።

ተዝካራቸው ላይ ነው አንድ ጎረቤታቸው ጠላውን አስቀምጦ፣ «አባትህ እኮ ጭንቅ ነበረባቸው፤ ‹ካየኝ ይወርዳል፣ ከወረደ ይወድቃል› እያሉ ነበር የሚሸሸጉት» ያለኝ። ሮለር ላይ ያለ ብስክሌትና መንገድ ላይ ያለ ብስክሌት እንደሚለያይ የነገራቸው የለም። ማን ይንገራቸው? ያንን የሚያውቅ ልጃቸው ነበር፤ እሱ ደግሞ እየረገጠ ያልፋል።

ባሕር ዛፎቹ ዛሬ የሉም፤ መንገዱ ሲሰፋ ተቆረጡ፣ የቀረውም ለግንባታ ተሸጠ። ጋሽ ይርዳውም ወፍጮ ቤቱም የሉም። አባቴ ዛሬ በዚያ መንገድ ቢመጡ የሚሸሸጉበት ግንድ አያገኙም።

ሮለሩን ቤት ባስገባን ማግሥት ጠዋት፣ አትጠገብ ስትነዳ እንደ ዋዛ በሩን ከፍቼ ገባሁ። አየችኝና ቀኝ እጇ ከመሪው ተነሣ፣ ወገቧ ጎንበስ አለ፤ የፊት ጎማው እየተንቀጠቀጠ ወደ ቱቦው ጠርዝ ሄደ። ያስተማርኋት እኔ ነኝ፤ ሽማግሌ ስታዪ ተነሺ ብዬ። እንደምንም ይዛ መለሰችውና እያለከለከች «እንደምን አደሩ አባዬ» አለችኝ። በሩን መልሼ ዘግቼ ወጣሁ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ቱቦው ሲጮህ ከሰማሁ አልገባም። ከበሩ ኋላ፣ ግድግዳውን ተደግፌ እስክትጨርስ እቆማለሁ። የቺንጋው ሽታ በበሩ ሥር ይመጣል። በሩ በደንብ አይገጥምምና የጋቢዬን ጫፍ ወደ ውስጥ ሰብሰብ አደርጋለሁ። የአባቴ ይታየኝ ነበር።