የቡሬ ቁልቁለትና ዘግይተው የደረሱት ጥርሶች

ጅማ፣ ሰኞ ጠዋት

ከጅማ የተነሳሁት ሁለት ሣጥን ይዤ ነው። ልብሴ በአንዲት ትንሽ ቦርሳ ተጠቅልሎ አልቋል፤ ሣጥኖቹን ግን ሁለት ተሸካሚዎች እየተነጫነጩ ነው አውቶቡሱ ጣሪያ ላይ ያወጡልኝ። የአውቶቡሱ ረዳት ሦስት ብር ተቀበለኝና "ሬሳ ነው እንዴ የጫንከው?" ብሎ ቀለደብኝ። በሌላ ቀን ቢሆን መልስ አላጣለትም ነበር። የዚያን ዕለት ግን ገብቼ ወንበሬን ያዝኩ።

በሣጥኖቹ ውስጥ ያለው የዲፈረንሻል ጥርስ ነው፤ አንዱ ለፊት፣ አንዱ ለኋላ። ከሞተሩ የሚመጣውን ዘንግ ዙር ለጎማው የሚያቀብሉት እነዚህ ብረቶች ናቸው። የጋምቤላው ነጋዴ ሐጂ ኑሩ ሁለት የጭነት መኪና ነበራቸው። ከኢታንግ ወዲያ ያለው ዋልካ አፈር ዝናብ ሲነካው መኪና እየዋጠ ስላስቸገራቸው፣ ሁለቱንም ወደ ጋራዤ አምጥተው ትልልቅ ጎማ አስገጠሙ። አዲሱ ጎማ ከዱሮው በሩብ ይበልጣል። ጎማው በሩብ ካደገ ጥርሱም በሩብ መጨመር አለበት፤ ዱሮ ዘንጉ አምስት ጊዜ ተኩል ዞሮ ጎማውን አንዴ ያዞር ከነበረ፣ አሁን ሰባት ጊዜ ያህል መዞር ይኖርበታል። ይህን ስሌት በጋራዤ ግድግዳ ላይ በጠመኔ ጽፌ ለሐጂ አሳይቻቸዋለሁ። ጥርሱ ግን ከአሥመራ ነው የሚመጣው። ሐጂ ቸኮሉ። እኔም "እስኪመጣ ይሠራል" አልኳቸው።

መኪኖቹ ሄዱ። ብዙም ሳይቆይ አንደኛው ከጎሬ ወደ ጋምቤላ በሚወስደው መንገድ ላይ ካለችው ቡሬ በታች ገደል ገባ። ሹፌሩ ኦቻንና አሳፍሯቸው የነበሩ ሁለት እኅትማማቾች ሞቱ። ጥርሱ ጅማ የደረሰው ከአደጋው ዘጠኝ ቀን በኋላ ነው። እንግዲህ የምጓዘው ለተረፈው መኪና ልገጥምለት ነበር።

ጎሬ

በደሌ ላይ በአንድ ብር አልጋ አደርኩ፤ ከአልጋው ይልቅ ትኋኑ ይበዛ ነበር። በማግስቱ ቀኑን ሙሉ በቡና ጫካ መሀል ስንንገጫገጭ ውለን፣ ማክሰኞ አመሻሽ ላይ ጭጋግ የለበሰችው ጎሬ ገባን። የሐጂ ሁለተኛ ሹፌር ሽፈራው መኪናውን ይዞ ይጠብቀኝ ነበር። ሽፈራው የጎጃም ሰው ነው፤ ቆላ ከወረደ አሥር ዓመት ሆኖታል። ጅማ በመጣ ቁጥር ወሬና ሳቅ አያልቅበትም ነበር። አሁን ግን እጄን ጨብጦ ዓይኑን ሣጥኖቹ ላይ ተከለ።

"መጡ?" አለኝ።

"መጡ።"

"እንዲያው ምናለ ትንሽ ቀደም ቢሉ" አለና ጭነቱን ማሰር ጀመረ።

ቁልቁለቱ

ከቡሬ ወዲያ መሬቱ ቁልቁል ይዘቀዘቃል። ብርዱ እየራቀ ይሄዳል፤ ሹራቤን አወለቅሁ፣ ቀጥሎ የሸሚዜን ቁልፍ ፈታሁ። በየመጠምዘዣው ትልልቅ ድንጋዮች ላይ የዱሮ ሹፌሮች በኖራ የጻፏቸው ቁጥሮች አሉ። "2" ካለ ከዚያ በታች በሁለተኛ ማርሽ ውረድ ማለት ነው፤ "3" ካለ ትንሽ ተንፈስ በል ማለት ነው። አዲስ ሹፌር መንገዱን የሚማረው ከእነዚህ ድንጋዮች ነው።

ሽፈራው "2" የሚለው ጋ ሲደርስ መኪናውን አቁሞ አንደኛ አስገባ። ሞተሩ እየጮኸ እንደ ሽማግሌ መውረድ ጀመርን።

"ድንጋዩ ሁለት ነው የሚለው" አልኩት፣ መልሱን እያወቅሁ።

"ድንጋዩ ይህን ጎማ አያውቀውም" አለ። "ከኦቻን ወዲህ እኔ ቁጥሩን አላምነውም።"

ሦስተኛው መጠምዘዣ ላይ ቆምን። ሽፈራው አልወርድም አለ፤ ብቻዬን የዛፍ ሥር እየያዝኩ ገደሉን ወረድኩ። መኪናው በጎኑ ተጋድሟል። ሳር በመስኮቱ መግባት ጀምሯል። በጋምቤላ የሚወራው ኦቻን ነዳጅ ለመቆጠብ ዜሮ ማርሽ አድርጎ፣ ጎማውን ከሞተሩ አላቅቆ ወረደ የሚል ነበር፤ ጅማ ድረስ ደርሶኛል። እኔም እውነት እንዲሆንልኝ ስንት ቀን ተመኝቼ ነበር። ይህን ስጽፍ አፍራለሁ።

የማርሹ ዘንግ ሁለተኛው ላይ ነው። ጋቢናው ተጨፍልቆበት እዚያው ተነክሷል፤ ልነቅለው ብሞክርም አልነቃነቅ አለኝ። ሞተሩን ከፍቼ ሳይ ደግሞ ጎኑ ተበስቶ ቢዬላው፣ የፒስተኑ ክንድ፣ በውጭ ወጥቷል። በዜሮ የወረደ መኪና ሞተሩ እንዲህ አይፈነዳም። ጎማው ሞተሩን ጎትቶ፣ አስጩኾ፣ ከአቅሙ በላይ አዙሮ ነው የገደለው። ፍሬኑም ነድዶ ጠቁሯል። ኦቻን ድንጋዩ ያዘዘውን አድርጓል። ያ ማርሽ ግን የዱሮው ሁለተኛ አልነበረም፤ ጎማውን ሳሳድግ እኔ ቀይሬበታለሁ።

ወጥቼ ለሽፈራው ነገርኩት። መሪውን ይዞ ፊት ለፊቱን ያይ ነበር።

"አውቃለሁ" አለኝ። "ሬሳውን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ማርሹን አይቻለሁ።"

"ለምን አልተናገርክም?"

"ሐጂ በዜሮ ነው ብለዋል። እኔ አምስት ልጅ አለኝ። አንተስ ትናገራለህ?"

ገብቼ በሩን ዘጋሁ።

ጋምቤላ

ጋምቤላ በሙቀቷ ተቀበለችን። ባሮ ከማንጎ ዛፎቹ ሥር በዝግታ ይፈሳል፤ የዱሮዎቹ የእንፋሎት መርከቦች ይራገፉበት የነበረው የድንጋይ መጋዘን በሩ ተዘግቶ ቆሟል። ሐጂ ኑሩ የንጉሠ ነገሥቱ ሥዕል በተሰቀለበት ሱቃቸው ውስጥ ጨውና አቡጀዲ ያስመዝናሉ፣ ያስለካሉ። የተጠበሰ ዓሣ አስመጡልኝ። ገበያ ላይ በሽልንግ ሁለት ይሰጣል፤ ጥሩ ዓሣ ነበር።

"ልጁ ጥሩ ልጅ ነበር" አሉ ሐጂ። "ግን በዜሮ ወረደ። ምን ታደርገዋለህ? ያገሩ ልጅ መኪና ያዘ ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር።"

እዚያው መናገር ነበረብኝ። ዓሣውን አላምጬ እሾሁን ሳህኑ ጠርዝ ላይ ደረደርኩ።

ሥራው ሦስት ቀን ፈጀ። ብረቱ በፀሐይ ግሎ እጅ ያቃጥላል፤ የጀመርነው ጎሕ ሲቀድ፣ ያቆምነው ረፋድ ላይ ነበር። የፊቱም የኋላውም መቀየር አለበት፤ ሁለቱ ካልተመሳሰሉ ደረቅ መንገድ ላይ መኪናው ከራሱ ጋር ይጣላና አንዱን ዘንግ ይሰብራል። ጥርስ ከጥርስ መግጠሙን ቀለም ቀብተን አየን። ቅዳሜ ጠዋት ሽፈራው እስከ አውሮፕላን ማረፊያው ነድቶት ተመለሰ። ሐጂ ሰዓታቸውን ይዘው ይጠብቁ ነበር።

"ኤሊ አደረግኸው!" አሉኝ።

"ዱሮ የነበረው ፍጥነት ነው ሐጂ። ከጭቃም በራሱ ይወጣል፤ ቁልቁለትም ላይ ይታዘዛል።"

"ያኛው ግን ይበር ነበር" አሉ። ምን እንዳሉ የገባቸው ከአፋቸው ከወጣ በኋላ ይመስለኛል፤ ወደ ሱቁ ገቡ።

የአቶ ጊሎ እርምጃ

በዚያው ቀን የኦቻን አባት አቶ ጊሎ መጡ። በጣም ረጅም፣ ቀጭን ሰው ናቸው፤ በሰፈራቸው ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ናቸው። አማርኛን በትልቅነታቸው ስለተማሩ ሁሉንም ሰው አንተ ነው የሚሉት።

"ጎማ የገጠምክ አንተ ነህ?"

"እኔ ነኝ፣ አባቴ።"

"ሰው ሁሉ ኦቻን ዜሮ አደረገ ይላል። እኔ መኪና አላውቅም። የሞቱት ሴቶች እናት፣ አሪየት፣ ቤተ ክርስቲያን እዚያ ትቀመጣለች። እኔ ከዚያ ቀን አልገባም። በምን ዓይን አያታለሁ? አንተ መኪና ታውቃለህ። ልጄ ገደላቸው?"

በወንዙ ዳር እንሂድ አልኳቸው። እኔ አጭር ነኝ፤ እሳቸው አራት ሲራመዱ እኔ አምስት እራመድ ነበር። ያን አሳየኋቸው። "ሞተሩ እኔን ነው የለመደው፤ አጭር እርምጃ። እኔ የእርስዎን እግር ገጠምኩበት። ቁጥሩ ያው ነው፣ እርምጃው ግን ረዘመ። ኦቻን ድንጋዩ ያለውን ማርሽ ነው ያስገባው፤ በዓይኔ አየሁ። የእርምጃውን ልክ የሚመልሰው ብረት አልደረሰም ነበር። ሳይደርስ ሂዱ ያልኩት እኔ ነኝ።"

ቆሙ። ወደ ውሃው ዞሩ።

"ኦቻን ቆጠረ" አሉ። "ልክ ቆጠረ። እግሩ የሌላ ሰው ነበር።" ቀጥለውም፣ "ይህን ለእኔ ብቻ አትንገር። እሷ ፊት ተናገር" አሉኝ።

እሑድ

ቤተ ክርስቲያኑ የሳር ክዳን ያለው ሰፊ አዳራሽ ነው፤ ወንዶቹ በአንድ ወገን፣ ሴቶቹ በሌላ ወገን ይቀመጣሉ። አቶ ጊሎ በሩ አጠገብ ተቀመጡ። መዝሙሩ ሲያበቃ ፓስተሩ አስነሳኝ፤ እኔ በአማርኛ ስናገር እሱ ይተረጉማል። ኦቻን በዜሮ አልወረደም አልኩ። የማርሹን፣ የሞተሩን፣ የጎማውን፣ የብረቱን ነገር ተናገርኩ። ሐጂ ቸኩለው ነበር የምትለዋን ልጨምር አልኩና ተውኳት፤ ቁልፉን ያስረከብኳቸው እኔ ነኝ።

ከሴቶቹ ወገን አንዲት አሮጊት ተነሱ። እማማ አሪየት ነበሩ።

"ብረቱ መቼ መጣ?" ብለው ጠየቁ፣ ፓስተሩ ተረጎመልኝ።

"ከሞቱ በኋላ፣ በዘጠኝ ቀኑ።"

"ዘጠኝ ቀን መጠበቅ አይቻልም ነበር?"

"ይቻል ነበር፣ እማማ።"

በሴቶቹና በወንዶቹ መካከል ያለውን ባዶ ቦታ ቀስ ብለው ተሻግረው፣ በሩ አጠገብ ሄደው አቶ ጊሎ ጎን ተቀመጡ። እኔን አላዩኝም። ከዚያ እስክወጣ ድረስ አንድ ጊዜ እንኳ አላዩኝም።

ሐጂ ማታውን ሰምተዋል። ጋራዤን ዳግመኛ እንደማይረግጡ ነገሩኝ። ሱቁ በር ላይ ከደረስኩ በኋላ ግን ከኋላዬ "እኔም ቸኩዬ ነበር" ሲሉ ሰማኋቸው።

መመለሻ

ሰኞ ሽፈራው ወደ ጎሬ ሲያወጣኝ አቶ ጊሎ አብረውን ተሳፈሩ። ሦስተኛው መጠምዘዣ ላይ አስቆሙንና ወርደው በኖራ የተጻፈውን "2" በመዳፋቸው ዳሰሱት።

"ይህ ቁጥር አሁን እውነት ነው?" አሉኝ።

"ለዚህ መኪና አሁን እውነት ነው።"

"ለልጄ ግን ውሸት ነበር።"

"አዎ።"

በእግሬ እመለሳለሁ፣ እናንተ ሂዱ አሉ። ዳገቱን ስንወጣ በመስታወቱ አየኋቸው፤ ገደሉ አፍ ላይ ቆመው ነበር።

ጅማ

ሐሙስ ጋራዤን ከፈትኩ። የጠመኔው ስሌት ግድግዳው ላይ እንዳለ ነው፤ አንድም ስሕተት የለበትም። ይህ ጉዞ ያስተማረኝ ነገር ቢኖር፣ ልኩን ማወቄ ማንንም እንዳላዳነ ነው። ባላውቀው ይሻለኝ ነበር።

በሳምንቱ አንድ ቡና ጫኝ መጥቶ ትልቅ ጎማ ግጠምልኝ አለኝ። ጥርሱ እስኪመጣ አልገጥምም አልኩት።

"እስኪመጣ አይሠራም?"

"አይሠራም።"

የቡሬን ነገር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኩት። አዳመጠ፣ ከንፈሩን መጠጠ፣ አዘነልኝም። ከዚያ መኪናውን አስነስቶ ወደ ሌላ ጋራዥ ሄደ።

በማግስቱ መንገድ ዳር ቆሜ ሳለ አየሁት። አዲሶቹን ጎማዎች አጥልቆ፣ እስከ አፉ ጭኖ፣ የአጋሮን መውጫ ይዟል። ሮጬ እጄን አወዛወዝኩለት። ሰላምታ መሰለው፤ ጡሩንባውን ሁለት ጊዜ ነፍቶልኝ አለፈ።