የኑኑ ቁምባው ጎድጓዳ

ባይሳ ሞረዳ ተረጋግቶ ምሳ መብላት የማይሆንለት ሰው ነበር። አዲስ አበባ ያለው የማዕድን መሥሪያ ቤቱ ወርቅ እንዲፈልግ ወደ ትውልድ አገሩ ወለጋ ይልከዋል፤ ልቡ ግን ሌላ ቦታ ነው። ምድር ገና ስትፈጠር ከሰማይ የወረደባትን የድንጋይ ውርጅብኝ ያስብ ነበር። "ጨረቃ ጠባሳዋን እንደያዘች አለች፤ የእኛን ምድር ግን ዝናብና ወንዝ አጥቦታል" ይላል።

በስልሳዎቹ መጀመሪያ ከኑኑ ቁምባ ወዲያ አንድ ክብ ጎድጓዳ አየ፤ ዙሪያው ገደል፣ መሐሉ ረግረግ። ከዚያ ወዲያ ዕረፍት አጣ። ነቀምት የምታስተምረው ባለቤቱ ድርቤ "ዛሬስ ታድራለህ?" ስትለው ጫማውን እያሰረ ነው። ነገሩን ሳያጣራም ነቀምት አዳራሽ ውስጥ፣ ሹማምንቱ ፊት፣ "ይህን የቆፈረው የሰማይ ድንጋይ ነው!" ብሎ ተናገረ። ጭብጨባው አዳራሹን አናጋው። ሰዉ በቅሎ እየጫነ ጎድጓዳውን ለማየት ጎረፈ።

አዲስ አበባ ተመልሶ ከጎድጓዳው ያመጣውን ዓለት በስሱ ፈግፍጎ በማይክሮስኮፕ አየው። ከሰማይ በወረደ ድንጋይ የተመታ ዓለት ቅንጣቶቹ ላይ ቀጫጭን ትይዩ መስመሮች ይቀሩበታል። አንድም የለም። ዓይኑ እስኪያነባ ፈለገ። ቀልጦ የረጋ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነበር።

የሥራ ባልደረባው ተረፋ "ዝም በል፤ ማን ሄዶ ይመረምርብሃል?" አለው።

ባይሳ በማግስቱ የነቀምት አውቶቡስ ተሳፈረ። ያው አዳራሽ ቆሞ "ተሳስቻለሁ፤ የድሮ እሳተ ገሞራ ነው" አለ። አንድ ሹም ተነሥቶ ወጣ። የጎድጓዳው ባለመሬት ኦቦ ጨመዳ ከኋላ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣

"ከላይ መጣ ስትለን ወደ ላይ እያየን ከረምን፤ አሁን ከታች ነው ካልከን ወዴት እንሽሽ?" አሉ።

አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። ባይሳም ሳቀ።

ቤት ሲገባ ድርቤ "አሁንስ ልብህ አረፈ?" አለችው።

"በጊምቢ በኩል በጣም ያረጀ ዓለት አለ፤ ነገ በጠዋት . . ."

"ትምህርት ቤት እስኪዘጋ ጠብቀኝ። እኔም እሄዳለሁ።"

ጠበቃት፤ በረንዳው ላይ እየተንጎራደደ። ጊምቢ ሲደርሱ ድርቤ ግራጫውን ዓለት በመዳፏ ዳሰሰች።

"ይህ ሲፈጠር ምን ነበር?"

"ሰውም የለ፣ ሣርም የለ።"

እጇን ሳታነሣ ቆየች። ሌላ ልትጠይቀው ቀና ስትል ባይሳ መዶሻውን ይዞ ቀጣዩን ተረተር እየወጣ ነበር። ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ ተከተለችው።