የሰሊጥ ሰሞን የታሪክ ክፍለ ጊዜ

ገና የታጨደ ሰሊጥ ሲሸተኝ፣ ገንዳ ውሃ ከተማ ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ የነበረው የታሪክ ትምህርት ትዝ ይለኛል። መምህራችን በሸክላ ላይ ይጽፉ ስለነበሩ የጥንት ሰዎችና አሸዋ ስለዋጣቸው ከተሞቻቸው ይነግሩን ነበር። በዚህ መሃል አባቴ ማጭዳቸውን እንደያዙ በሩ ላይ ቆሙ።

«መምህር፣ ልጄን ስጡኝ። ሰሊጡ አፉን ሊከፍት ነው፤ ነገ ይረግፋል።»

«ጋሼ፣ ክፍለ ጊዜውን እንኳ ትጨርስ።»

«ሰሊጥ ደወል አይጠብቅም!»

ክፍሉ ሳቀ። ስወጣ መምህሩ ቀስ ብለው፣ «እነዚያ ከተሞችም በአንድ ቀን አልጠፉም» አሉኝ። ያኔ አልገባኝም። ወደ ክፍሉም አልተመለስኩም።

ዛሬ ልጄ አጠገቤ ታጭዳለች። ትምህርት ቤቷ በጦርነቱ ከተዘጋ ቆየ።

«እማየ፣ መቼ ይከፈታል?» ትለኛለች።

ስጸልይ ስለ ሕይወቷ አመሰግናለሁ። ይከፈትላት ብዬ መለመኑን ግን ትቻለሁ።